ነጯ ኳስ

የተወለድሁትም ያደግሁትም በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው ክልል ውስጥ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በተሰኘው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያው ከሚገኘው የፈረንሳይ ኤምባሲ ነው። ከኤምባሲው በላይ መንገዱ ሽቅብ እየወጣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ይደርሳል። በዚያ ዳገት ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ደልዳላ መሬት ማግኘት እንኳ ያስቸግራል። ቤቶቹ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የቆሙ ይመስላሉ፤ ልጆች ሆነን የጨርቅ ኳስ ስንጫወት ኳሷ ካመለጠችን የምናገኛት ከወንዝ ውስጥ ነበር።

በ1994 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ የፑል ጠረጴዛ ወደ ሰፈራችን ገባ። ባለቤቱ ከመንገዱ ዳር አራት አጠና ተክሎ፣ ከላይ ሸራ ወጥሮ፣ ጠረጴዛውን ከሥሩ አቆመው። የመሬቱን ዘንባላነት ለማካካስም ከጠረጴዛው እግሮች ሥር ካርቶንና የጣውላ ስባሪ ይሸጉጥ ነበር። ይሁን እንጂ ዝናብ በጣለ ማግሥት አፈሩ ስለሚሰምጥ ጠረጴዛው እንደገና ወደ ወንዙ ያዘነብላል። ደንቡም ቀላል ነበር፦ የተሸነፈ የጠረጴዛውን ሒሳብ ይከፍላል፤ ያሸነፈ ከዱላው ጋር ይቆያል።

እኔም ብዙ ሳልቆይ ጎበዝ ተጫዋች የሆንሁ መሰለኝ። የጉብዝናዬ መለኪያ ድምፅ ነበር። ነጯን ኳስ ባለ በሌለ ኀይሌ ስመታት ኳሶቹ እንደ በረዶ ይንጫጫሉ፤ አንዷ በአጋጣሚ ጉድጓድ ስትገባ ተመልካቹ «ወይ ጉድ!» ይላል፤ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። ነጯ ኳስ ከዚያ በኋላ የት እንደ ደረሰች፣ ቀጥሎ ምን እንደምመታ ግን አስቤ አላውቅም። በዘፈቀደ የገባች ኳስ ከችሎታ የተገኘች ስትመስል እጅግ ታታልላለች። እስከ ዛሬ ድረስ ጀማሪዎችን ስመለከት የማየው ይህንኑ ነው።

እናቴ በዚያን ጊዜ ኑሯችንን የምትገፋው ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል እየለቀመች፣ በጀርባዋ አዝላ እያወረደች በመሸጥ ነበር። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ የተራራውን ራስ ካለበሰ ወዲህ ብዙ የአዲስ አበባ ምድጃ የነደደው በእነዚያ ሴቶች ጀርባ ነው። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ከተሸካሚዋ ክብደት ጋር የሚተካከልበትም ጊዜ አለ። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ በብርድና በስስ አየር ላይ የሚደረግ ጉዞ መሆኑንም ልብ ይሏል።

አንድ ቅዳሜ እናቴ እህል በጆንያ አሸክማ፣ የማስፈጫና የነጭ ጋዝ መግዣ 15 ብር አስይዛ ወደ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። ከሸራው አጠገብ ስደርስ ከእኔ በዕድሜ ከፍ የሚል አንድ የታክሲ ረዳት ብቻውን ዱላውን እየጠረገ ቆሟል። «በአምስት ብር ትጫወታለህ?» አለኝ። ጆንያውን ከአጠናው ሥር አስደግፌ ገባሁ። የመጀመሪያውን ተሸነፍሁ። ሁለተኛውን የተጫወትሁት የመጀመሪያውን ለማስመለስ ነበር፤ ሦስተኛውን ደግሞ ሁለቱንም ለማስመለስ። የጠፋውን በጠፋበት መንገድ እንፈልግ ብለው የሚመለሱ ሰዎች ሁሉ የሚያደርጉትን አደረግሁ ማለት ነው። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ እጄ ባዶ ቀረ።

እህሉን እንዳለ ተሸክሜ ወደ ቤት ተመለስሁና ገንዘቡ ከኪሴ እንደ ወደቀ ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ አልተቆጣችም። ፊቴን ለጥቂት ጊዜ ተመልክታ፣ «ኪስህ ቀዳዳ እንደ ሆነ ሳላይ ቀርቼ ነው» አለችና ሱሪዬን አስወልቃ፣ መርፌና ክር ይዛ ኪሱን መዳበስ ጀመረች። ቀዳዳ አልነበረውም። ሆኖም ምንም ሳትናገር ዙሪያውን ደግማ ሰፋችው። ተቆጥታ መትታኝ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ባልታመምሁ ነበር።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ገመዷን ይዛ ስትወጣ ተከትያት ሄድሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ አብሬያት ተራራ እወጣ ነበር። የተሸከምሁት እንጨት ዋጋ 15 ብሩን ከሞላው በኋላም አላቋረጥሁም። እውነቱን ግን አልነገርኋትም፤ ገንዘብ መተካት ከመናገር ይልቅ ቀላል መስሎ ታየኝ።

ከሸራው ጎን የልብስ ስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። በወጣትነታቸው ፒያሳ አካባቢ ከረንቡላ ይጫወቱ እንደ ነበር ይወራል። ከረንቡላ ጉድጓድ በሌለው ጠረጴዛ ላይ በሦስት ኳሶች የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ኳስ የምትጠፋበት ቀዳዳ ስለሌለ ችሎታው ያለው ኳሶቹን እንደ ፈለጉ በማስሄድና በፈለጉበት በማቆም ላይ ብቻ ነው። ጋሼ ያን ቅዳሜ የሆነውን ሁሉ ከመኪናቸው ላይ ሆነው አይተው ኖሯል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያን ዕለት የተሸነፍኸው ለምን ይመስልሃል?»

«ዕድል አልቀናኝም፣ ጋሼ።»

«ዕድልማ ቀንቶህ ነበር። ሁለት ኳስ ሳታስባት ገብታልሃለች። የጎደለህ ሌላ ነው። ብር አስይዘህ እንደማትጫወት ቃል ከሰጠኸኝ አሳይሃለሁ። ቃልህን ካፈረስህ ግን ዳግመኛ ‹ጋሼ› ብለህ እንዳትጠራኝ።»

ቃል ሰጠሁ። ጠረጴዛው ጠዋት ጠዋት ሰው ስለማይኖረው ባለቤቱ ለእርሳቸው ሲል በነጻ ይለቅልን ነበር። እኔ የረቀቀ ምሥጢር ያስተምሩኛል ብዬ ስጠብቅ ጋሼ ባለ ቁጥሮቹን ኳሶች በሙሉ ሰብስበው ከሣጥን ከተቱና ነጯን ብቻ ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «መሐሏን ምታት። ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ደርሳ ስትመለስ የዱላህን ጫፍ ካልነካች መሐሏን አልመታሃትም ማለት ነው» አሉኝ። እጅግ ቀላል መሰለኝ። ኳሷ ግን አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እያፈነገጠች ተመለሰች። መሐል ነው ብዬ የማምንበት ቦታ መሐል እንዳልነበረ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ይህንኑ ነገር ብቻ ወደ ሦስት ሳምንት ያህል ሠራሁ። ጓደኞቼ «ብቻውን የሚጫወት ዕብድ» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

ከዚያ ወደ አቋቋም ተሻገርን። ቀኝ እግር ከምታልመው መሥመር ሥር ይሁን፤ ግራው አንድ እርምጃ ቀደም ይበል፤ ወገብ ጎንበስ፣ አገጭ ወደ ዱላው ዝቅ ይበል። ግራ እጅ የዱላው ድልድይ ስለሆነ መዳፉ ከጨርቁ ላይ እንደ ሥር ይተከል። ቀኝ እጅ ዱላውን ጭብጥ አድርጎ አይያዝ፤ «ጫጩት እንደ መያዝ ነው፣ እንዳታመልጥህም እንዳትሞትብህም» ይሉኝ ነበር። የላይኛው ክንድ ሳይንቀሳቀስ ከክርን በታች ያለው ብቻ እንደ ግድግዳ ሰዓት ዥዋዥዌ ይመላለስ። ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ግን ከመታሁ በኋላ አለመነሣት ነው። ኳሷ የት እንደምትደርስ ለማየት ስለምቸኩል፣ ዱላው ነጯን ሳይነካ ገና ትከሻዬ ቀና ይላል፤ ዱላውም አብሮ ይዛባል። ጋሼ ይህን ለማስተው ከጀርባዬ ይቆሙና ጭንቅላቴ ላይ የስፌት መለኪያቸውን ያሳርፉ ነበር። መለኪያው ከወደቀ አመታቴ ዋጋ የለውም።

ለማነጣጠርም አንድ ዘዴ ሰጡኝ። ከምትመታው ኳስ በስተጀርባ፣ ከጉድጓዱ ትይዩ፣ ኳሷን የነካች አንዲት የማትታይ ነጭ ኳስ አለች ብለህ አስብ፤ ከዚያ እውነተኛዋን ነጭ በማትታየዋ ቦታ አሳርፋት። ይህን ዘዴ ዛሬም በየአገሩ ያሉ አሠልጣኞች ይጠቀሙበታል።

እዚህ ድረስ ያለው ኳስን ጉድጓድ ውስጥ ለመክተት ብቻ የሚበቃ ነው። ትልቁ ቁም ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይኸውም ነጯ ኳስ ሥራዋን ከፈጸመች በኋላ የት ትቁም የሚለው ጥያቄ ነው። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ክብደታቸው እኩል የሆኑ ሁለት አካላት ፊት ለፊት ሲጋጩ መቺው ፍጥነቱን ለተመቺው አስረክቦ እንደሚቆም አስተምሮን ነበር። እኔም በደብተሬ ጽፌ፣ ለፈተና ሸምድጄ፣ ረስቼው ነበር። ጋሼ ነጯን ከመሐሏ ዝቅ አድርገው መትተው፣ ሌላዋን ኳስ ጉድጓድ ከተው፣ ነጯን በግጭቱ ቦታ ላይ ቀጥ ሲያደርጓት ያ ደብተር ትዝ አለኝ። ጋሼ የፊዚክስ ትምህርት አልተማሩም፤ የሚያውቁት ግን ያንኑ ሕግ ነበር።

ምክንያቱን ማስተዋል ይጠቅማል። ነጯ ኳስ በግጭቱ ቅጽበት ምንም ሽክርክሪት ከሌላት ትቆማለች። ወደ ፊት እየተንከባለለች ከደረሰች ግን ፍጥነቷን ብታስረክብም ሽክርክሪቷ ስለሚቀራት ተመቺዋን ተከትላ ትሄዳለች። ከሥሯ ተመትታ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ከደረሰች ደግሞ ወደ መቺው ትመለሳለች። ጨርቁ በሰበቃ የኋላውን ሽክርክሪት እየበላው ስለሚሄድ፣ ርቀቱ በጨመረ መጠን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ መምታት ያስፈልጋል። ተመቺዋ ኳስ በጎኗ የምትነካ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ነጯ ሳትሽከረከር እየተንሸራተተች ከነካቻት፣ ሁለቱ ተለያይተው የሚሄዱባቸው መሥመሮች ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን ይሠራሉ። እየተንከባለለች በግማሽ ገላዋ ከነካቻት ግን ነጯ ከቀድሞ መንገዷ የምታፈነግጠው በ30 ዲግሪ አካባቢ ነው። እነዚህን ሁለት ማዕዘኖች ዐይኑ የለመደ ተጫዋች ነጯ ወዴት እንደምትሄድ ሳይመታ ያውቃል።

በእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ እንከን ነበር። ደረጃውን የጠበቀ የፑል ኳስ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ የጎን ስፋት፣ ከ156 እስከ 170 ግራም ክብደት አለው። የእኛዋ ነጭ ጠፍታ በሌላ ስለተተካች ከቀሩት ትከብድ ነበር፤ ስለሆነም ቀጥ ማለት በሚገባት ቦታ ጥቂት ሸርተት ትል ነበር። ጋሼ ይህን «የእንግዳ ጠባይ» ብለውታል።

የዚህ ጨዋታ ሊቃውንት ታሪክም ቢሆን የሚደንቅ ነው። በዱላው ጫፍ ላይ ቆዳ መለጠፍን ያስለመደው ፍራንሷ ሚንጎ የተባለ የፈረንሳይ ጦር ሻምበል ሲሆን፣ ይህን የፈለሰፈው እስረኛ ሳለ እንደ ነበር ይነገርለታል። ስለ ጨዋታው የጻፈውንም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1827 ፓሪስ ላይ አሳትሟል። ከእርሱ በፊት የእንጨቱ ጫፍ ስለሚያዳልጥ ኳስን ከመሐሏ ውጭ መትቶ ማሽከርከር አስቸጋሪ ነበር። ተማሪዎች ስለ ነፋሳት አቅጣጫ ሲማሩ ስሙን የሚሰሙት ኮሪዮሊስም እ.ኤ.አ. በ1835 የቢሊያርድን ጨዋታ በሒሳብ የሚተነትን መጽሐፍ አሳትሟል። አንዲት ኳስ ከተመታችበት ቅጽበት ጀምራ ሳትንሸራተት እንድትንከባለል ከተፈለገ፣ ቁመቷን በ10 ብንከፍለው ከጠረጴዛው 7ኛው እርከን ላይ መመታት ይኖርባታል። በዚያ ዘመን ኳሶቹ የሚሠሩት ከዝሆን ጥርስ ነበር። ከአገራችን ደቡብና ምዕራብ በሲራራ ነጋዴዎች ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይወርድ ከነበረው የዝሆን ጥርስ ጥቂቱ በአውሮፓ ሳሎኖች አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ተንከባልሎ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ጆን ሃያት ሴሉሎይድ የተባለውን ሰው ሠራሽ ቁስ ለማበጀት የተነሣሣውም የዝሆን ጥርስ ኳስን የሚተካ ነገር ሲፈልግ ነው።

ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ጋሼ በመጨረሻ ያስተማሩኝ ጨዋታውን ከኋላ ወደ ፊት ማሰብን ነው። ጥቁሯን 8 ቁጥር በየትኛው ጉድጓድ እከታለሁ? ለእርሷ እንዲመቸኝ ነጯ የት መቆም አለባት? እዚያ እንድትቆምልኝ ከጥቁሯ በፊት የትኛዋን ልምታ? እኔ ይህን ስሰማ ተራራው ትዝ አለኝ። እናቴ ሸክም አዝላ ስትወርድ እግሯን የምታሳርፍበትን ድንጋይ ብቻ አታይም፤ ዐይኗ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ድንጋይ ይቀድም ነበር። እኔ ግን ከእግሬ ሥር ብቻ እያየሁ ስወርድ፣ መመለሻ በሌለው ቋጥኝ ላይ ሸክሜን እንደ ታቀፍሁ ብዙ ጊዜ ተገትሬያለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ያ የታክሲ ረዳት መጣ። «በአምስት ብር» አለኝ። «የተሸነፈ የጠረጴዛውን ይክፈል እንጂ ብር አላስይዝም» አልሁት። ከት ብሎ ሣቀና ተስማማ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሁሉም ነገር እንደ ሐሳቤ ሄደልኝ። ጥቁሯንም ከተትኋት። ነገር ግን ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጠረጴዛው ወደ ወንዙ አዘንብሏል። ነጯ ዝግ ብላ ልትቆም ስትል ቀስ እያለች ቁልቁል ተጠመዘዘችና ከታችኛው ጉድጓድ ገባች። በደንቡ መሠረት ተሸንፌአለሁ። ከፈልሁ። ጋሼ ከስፌታቸው ቀና እንኳ አላሉም።

በሁለተኛው ጨዋታ የቀሩኝ 3 ቁጥርና ጥቁሯ ነበሩ። 3 ቁጥር በላይኛው ማዕዘን ጉድጓድ አፍ ላይ ናት፤ ጥቁሯ በታችኛው ጠርዝ አጠገብ። የጥንቱ እኔ ብሆን ኖሮ 3 ቁጥርን በኀይል አጮላት፣ ነጯም ተከትላት ትገባ ነበር። ነጯን ከመሐሏ ጥቂት ዝቅ አድርጌ፣ ለስለስ አድርጌ መታኋት። 3 ቁጥር ገባች። ነጯ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ተመለሰችና ቁልቁለቱን ይዛ በዝግታ ወረደች። ዘንባላነቱን አስቀድሜ ስለ ቆጠርሁት አልደነገጥሁም። ከጥቁሯና ከታችኛው ማዕዘን ጋር በአንድ መሥመር ላይ ስትደርስ ቆመች።

ጥቁሯን ለመምታት ጎንበስ ባልሁበት ቅጽበት ከመንገዱ ማዶ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ሸክም ከድንጋይ አጥር ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ነው። ቀና ሳልል እናቴ መሆኗን ዐወቅሁ። ሸክሟን ተደግፋ ወደ እኔ ትመለከታለች። እጄ ተንቀጠቀጠ። ዱላውን አንሥቼ እንደገና ቆምሁ፤ ግራ እጄን እንደገና ተከልሁ፤ መታሁ። ጥቁሯ ገባች፤ ነጯ ቀጥ አለች። የታክሲ ረዳቱ ሒሳቡን ከፈለና ዱላውን አስቀመጠ። ጋሼ «3 ቁጥርን መጨረሻ ያስቀረሃት አስበህ ነው?» አሉኝ። «አዎን፣ ጋሼ» አልሁ። ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ወደ እናቴ ሄድሁ። ፊቷ በላብና በቅጠል ብናኝ ተሸፍኗል። ጠረጴዛውን በአገጯ አመለከተችኝ።

«ያን ጊዜ የወፍጮው ገንዘብ የቀረው እዚህ ነው?»

«አዎን፣ እማዬ።»

«ኪስህ ቀዳዳ አልነበረውም።»

«አልነበረውም።»

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም ጀርባዋን ወደ ሸክሙ አዞረችና «በል እንግዲህ፣ ከዚህ በኩል አንሣልኝ» አለችኝ። ሸክሙን እኔ ልውሰደው ብላት እምቢ አለች፤ ግማሹን ፈትታ አሸከመችኝ። ዳገቱን ትታ በሜዳው መንገድ በኩል ወደ ቤት መራችኝ፤ እኔም የምትረግጥበትን እያየሁ ተከተልኋት።